ልደት፣ ወደብ እና የመቶ ብር ዕዳ

እሁድ ማታ የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ በኮመንትም በውስጥ መስመርም የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። «ቲቸር የት ነው?» «ቲቸር፣ ሃኒሙን በሰባት ዓመቱ?» «ከኋላ ያለው የዛገ ብረት ምንድን ነው?» አንዷ የድሮ ተማሪዬ ደግሞ «እየሳቀች ነው እያለቀሰች?» ብላኛለች። ይቺ ልጅ ካርታ ማንበብ ብዙም አይሆንላትም ነበር፣ ፊት ማንበብ ግን ትችላለች። መልሱ ሁለቱንም ነው። ለኮመንት ስለሚረዝም እዚሁ ልጻፈው። ባለቤቴንም አስፈቅጃለሁ፤ «ስሜን አትጥቀስ እንጂ ጻፈው» ብላለች።

ነገሩ የልደት ጉዳይ ነው። እኔና እሷ ባደግንበት ቤት ልደት የሚከበረው የጌታ ብቻ ነበር። የሰው ልደት ኬክ ተቆርጦ ሲከበር ያየሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው። አሁን ግን ፌስቡክ ራሱ ያስታውሳል፣ ተማሪዎቼም በሌሊት «ሃፒ በርዝዴይ ቲቸር» ትሉኛላችሁ፣ እኛም ለመድነው። የባለቤቴ ልደት ግን አንድ ችግር አለበት። ቀኑ ላይ ክርክር የለም፤ ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም። እናቷን ምጥ የያዛቸው ታቦቷ ልትወጣ ስትል ነው፤ እልልታውን እየሰማሁ ወለድኳት ይላሉ። ጭቅጭቁ ዓመቱ ላይ ነው። እናቷ «ደርግ ሲወድቅ ጡት ላይ ነበረች» ይላሉ። ይህ ማለት 1983 ነው። አንደኛ ክፍል የመዘገቧት መምህር ግን ቁመቷን ዓይተው 1985 ብለው ጻፉ። መምህሩ የጻፉት ሰርተፊኬት ላይ ገባ፣ ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው መታወቂያ ላይ ገባ። ስለዚህ ባለቤቴ በእናቷ 34፣ በመንግሥት 32 ናት። በየዓመቱ ሻማ ልንገዛ ስንሄድ ባለሱቁ ፊት የምንከራከረው በዚህ ነው። ዘንድሮ ቁጥር የሌለበት አንድ ሻማ ገዝተን ተገላገልን።

በዓሉ የዋለው በሥራ ቀን ስለሆነ ለቅዳሜ አሸጋገርነው። «ምን ልግዛልሽ?» ስላት «ምንም አትግዛ፤ ባሕር ዳር ወስደህ ወደቡን አሳየኝ» አለችኝ።

ገረመኝ። ባሕር ዳር ለኛ ሩቅ አገር አይደለም። ከወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሕክምና እንሄዳለን፣ ለሠርግ እንሄዳለን፣ ዕቃ ልንገዛ እንሄዳለን። ከእሷ ጋር ብቻ ከሃያ ጊዜ በላይ ሄጃለሁ። ወደ ሐይቁ ወርዳ ግን አታውቅም። «ጣና ዳር ቡና እንጠጣ» ስላት ሁሌም አንድ ምክንያት አታጣም፤ ፀሐይ ነው፣ ትንኝ ነው፣ መኪና ያመልጠናል። ምክንያቱን አውቀው ስለነበር አልገፋፋትም ነበር።

አባቷ የጣና መርከብ ሠራተኛ ነበሩ። «መርከብ» የምለው እነሱ እንዲህ ስለሚሉት ነው። ዛሬ ልጆች የሆናችሁ ላታውቁት ትችላላችሁና ላስረዳ። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በየሳምንቱ የሚመላለስ የሕዝብ ጀልባ ነበር። እሁድ ጠዋት ከባሕር ዳር ወደብ ይነሳል፣ ዘጌ ይቆማል፣ ደቅ ደሴት ይቆማል፣ ማታ ቁንዝላ ያድራል፣ ሰኞ በደልጊ በኩል አድርጎ ጎርጎራ ይገባል። ሁለት ቀን ሙሉ! ጣና ከሰሜን ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ በየወደቡ እህል ይጫናል፣ ቡና ይጫናል፣ ፍየል ይጫናል፣ ሙሽራ ይጫናል። በዙሪያው መንገድ ላልነበራቸው ሰዎች መኪናቸውም፣ ፖስታ ቤታቸውም፣ ገበያቸውም እሱ ነበር። የጎጃሙን ሰው ከደንቢያው ሰው ያጋባ ጀልባ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ «የውስጥ የውኃ ትራንስፖርት» ብዬ በሁለት መስመር የማልፈው ነገር፣ ለባለቤቴ አባቷ ናቸው።

አባቷ ገመድ ወርዋሪ ነበሩ። ጀልባው ወደብ ሲጠጋ መጀመሪያ የሚዘሉት፣ ሲነሳ መጨረሻ የሚሳፈሩት እሳቸው። ቤታቸው ቁንዝላ ነበርና እሁድ ማታ ጀልባው ሲያድር አባትም ቤታቸው ያድራሉ። ለሷ እሁድ ማለት ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ኮት ማለት ነው፤ ኪሱ ውስጥ ደግሞ ከባሕር ዳር የመጣ ዳቦ አለ፣ አንዳንዴም ከረሜላ። አሥረኛ ክፍል ሆና ታመው ሞቱ። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ወረታ አክስቷ ዘንድ መጡ። ጀልባውንም፣ ወደቡንም፣ እሁድንም እዚያው ትታው መጣች።

እናላችሁ ቅዳሜ በጠዋት ተነሳን። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሹፌሮቹ ጠይቀን፣ እናቷም ሁለቴ ደውለው «ብትተውትስ» ካሉ በኋላ፣ ሚኒባስ ያዝን። የፎገራ ሜዳ በጥር ሩዙ ታጭዶ ገለባው ተከምሮ ሲታይ ደስ ይላል። ሐሙሲትን አልፈን አባይ ላይ ስንደርስ በአዲሱ ድልድይ ገባን። 380 ሜትር ነው፣ ግንቦት 2016 የተመረቀው። መኪና ውስጥ ያለው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ወደ ድልድዩ ያነሳል። እሷ ወደ ቀኝ ዞራ ውኃው ከሐይቁ ወደሚወጣበት ትመለከታለች። እኔ ደግሞ መምህር አይደለሁ፣ ዝም ማለት አልችልም፤ «እዚህ ጋ ነው አባይ ከጣና የሚወጣው፣ ግን ምንጩ እዚህ አይደለም፣ ሰከላ ግሽ አባይ ነው፣ ግልገል አባይ ሆኖ...» ስል «ቲቸር፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለችኝ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁብኝ።

ከተማው ያው ባሕር ዳር ነው፤ ዘንባባው፣ ባጃጁ፣ ሰፊው አስፋልት። መጀመሪያ ጊዮርጊስ ተሳለምን። ወደቡ ከዚያ ብዙ አይርቅም። በእግር ስንወርድ እጄን ያዘችኝ። በአደባባይ እጅ መያዝ ልማዳችን አይደለም፣ የተያዝኩት ለፍቅር እንዳልሆነም ገብቶኛል።

የጀልባ ልጆቹ ገና ሳንደርስ ከበቡን። ፈረንጅ ከቀረ ቆየት ብሏል፣ የአገር ውስጥ ጎብኚም ቢሆን እንደ ድሮው አይመጣም። በቀለም ያሸበረቁ፣ ጣሪያ ያላቸው ጀልባዎች ተደርድረው ታስረዋል። ልጆቹ ትህትናቸው ልብ ይበላል፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጠብቁ ውለው አንድ ሰው እንኳ ሳይጭኑ የሚገቡበት ቀን አለ። ለብቻችን ለመከራየት የጠሩልን ዋጋ የወር ደመወዜን ሩብ ይሆናል። አንዱ «ክብራን ገብርኤል ላድርሳችሁ፣ ቅርብ ነው» አለ፤ ከዚያ እሷን ዓይቶ «ሴት አይገባም ግን፣ እህቴ ጀልባው ላይ ትጠብቅሃለች» ሲል እሷ «በልደቴ ቀን ጀልባ ጥበቃ ልቀጠር!» ብላ ሳቀች። ልጁም ሳቀ። ልደቷ መሆኑን ሲሰማ ዋጋውን ቀነሰ፣ ቢሆንም አልቻልነውም። በኋላ ደብረ ማርያም ደሴት ከሚሻገሩ ሰዎች ጋር በጋራ እንድንሄድ ተስማማን። ሰው እስኪሞላ ግን መጠበቅ አለብን።

የፎቶው ነገር የመጣው ያኔ ነው። ከጎብኚ ጀልባዎቹ ራቅ ብሎ አሮጌው መቆሚያ አለ፣ ትልልቆቹ የሚታሰሩበት። እሷ ወደዚያ መሄድ ጀመረች። በር ላይ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ተቀምጠዋል፤ ጋቢ ለብሰው፣ ዱላ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። መግባት ክልክል ነው አሉ። «አባባ፣ አባቴ እዚህ ይሠራ ነበር፤ ቆሜ ልየው ብቻ» አለቻቸው።

«ማን ይባላል አባትሽ?»

ስማቸውን ከነአባታቸው ነገረቻቸው። ሽማግሌው አሰቡ፣ አሰቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ እዚህ ብዙ ሰው አልፏል። እኔም ያኔ ጫኝ ነበርኩ። ግን በስሙ የሚጠራ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሥራ ስም ነበረው። የሥራ ስሙን ንገሪኝ።»

የሥራ ስሙን አታውቅም። እኔ ፊቷን ዓይቻለሁ፤ ልረሳው አልችልም። አንድ ሰው አባቱን በደንብ አውቀዋለሁ ብሎ ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖሮ፣ ሌላ ስም እንደነበረው በር ላይ ሲሰማ ምን እንደሚመስል አስቡት። አንድም ቀን ቤት ውስጥ አልተነሳም። ቁንዝላ ሲገቡ ያንን ስም ጀልባው ላይ ትተውት ነበር የሚወርዱት ማለት ነው።

እዚያው ቆማ ለእናቷ ደወለች። ስፒከር ላይ አደረገችው። «እማዬ፣ አባዬን መርከብ ላይ ምን ነበር የሚሉት?» መጀመሪያ ዝምታ። ከዚያ አሮጊቷ መሳቅ ጀመሩ። እኔ አማቴን በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። እየሳቁ ነገሯት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ የሷ ነው። ከገመድ ጋር የተያያዘ መሆኑን ብቻ ልንገራችሁ፤ ካፒቴኑ በየወደቡ የሚጮህላቸው ትእዛዝ ነው፣ ሲደጋገም ስም ሆነባቸው።

ሽማግሌው ስልኩን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «እሱ! እሱ እኮ!» አሉና ዱላቸውን ጥለው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ። «አንቺ የሱ ልጅ ነሽ?» አገላብጠው ሳሟት። በሩን ከፈቱት፣ ክልክሉም ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሰማነውን ሁሉ አልዘረዝርም። አባቷ ዋና እንደማይችሉ ነገሩን! ዕድሜ ልካቸውን ከውኃ ላይ የዘለሉ ሰው ዋና አይችሉም ነበር። ማዕበል በተነሳ ጊዜ ደቅ አጠገብ መላው ተሳፋሪ ሲጸልይ እሳቸው ለሰው ፍየል ገመድ ሲያጠብቁ እንደነበር ነገሩን። ጣና ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ሰፊ ስለሆነ ንፋስ ሲነሳበት አያድርስ ነው። እሷ ግማሹን እየሳቀች፣ ግማሹን እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ትሰማለች። ፎቶውን ያነሳሁት እዚህ ላይ ነው። ከኋላዋ ያለው የዛገው ብረት የአባቷ ጀልባ ይሁን ሌላ ሽማግሌውም እርግጠኛ አይደሉም፤ «ከነዚያ አንዱ ነው» ነው ያሉት።

ልንሰናበት ስንል ሽማግሌው ከጋቢያቸው ሥር መቶ ብር አወጡ። «እንቺ» አሏት። እሷ ደነገጠች፤ እንኳን ልትቀበል እኛ ነን ለሳቸው ለቡና ብለን የያዝነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ታሞ መድኃኒት መግዣ ሲያጡ አባቷ ሠላሳ ብር አበድረዋቸው ነበር። ሊመልሱ ሲሉ አባቷ ታመሙ፣ ቀጥሎ ሞታቸው ተሰማ፣ ቤተሰቡም ቁንዝላን ለቀቀ። «ለማን ልስጠው? ለንስሐ አባቴ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ልጁ ድኗል፣ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ይህን ዕዳ ይዤ አልሞትም። አትከልክይኝ፣ የኔ ልጅ።» እሷ «ሠላሳ ብር ነበር እኮ ያሉት» ስትል «ያኔ በሠላሳ ብር የሚገዛው ዛሬ በመቶም አይገዛ፣ አንቺ ነሽ የጎደለብሽ» አሏት። ኢኮኖሚክስ የምታስተምሩ ጓደኞቼ ይህን ለክፍል ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ተቀበለች። በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ። እኔ ልትመልሰው ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው መቀበሏ ትክክል ነው፤ ሽማግሌው ያን ጊዜ ከትከሻቸው የወረደውን ነገር በዓይኔ ዓይቻለሁ።

ደብረ ማርያም ተሻገርን፣ አጭር መንገድ ነው። ጀልባው ላይ ወደ ገበያ ሄደው የሚመለሱ እናቶች ነበሩ። ደንገል ጫፉን ተጠፍሮ የተሠራ ታንኳ ላይ አንድ ልጅ ቆሞ ሲቀዝፍ አለፈን። ስለ እምቦጩ ተነሳ፤ በ2013ቱ ዘመቻ ከናንተ ከተማሪዎቼ ጋር ፎገራ በኩል ጭቃ ውስጥ ገብተን ስንነቅል የነበረው ትዝ አለኝ። ጓንት ሳይኖረን በእጃችን! ያን ጊዜ «ቲቸር፣ ይህ ማርክ አለው?» ያልከኝ ልጅ፣ አሁንም የለውም። እሷ ውኃው ውስጥ እጇን ነክራ ተቀመጠች። ብዙ አላወራችም።

ምሳ ሐይቁ ዳር ዓሣ በላን፤ አንድ ጥብስ አንድ ጉላሽ። ሻማዋን ዳቦ ላይ ተክለን ለኮስናት፣ ንፋሱ ከሷ በፊት አጠፋው። አስተናጋጇ ልጅ «እህቴ፣ ንፋሱ አከበረልሽ» አለቻት። ከዚያ እጃችንን ታጥበን ቡና እየጠጣን ሳለ ባለቤቴ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች።

እዚህ ላይ ትንሽ የቤታችንን ነገር መናገር አለብኝ። እኔ እንደምታውቁት ዲፕሎማ ነኝ። እሷም 10+3 አካውንቲንግ ጨርሳ ሲኦሲ አልፋ በአንድ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ናት። ሁለታችንም ዲግሪ የመማር ዕቅድ አለን፤ ገንዘቡ ግን ለአንድ ሰው ነው የሚበቃው። የመምህራን ዕቁብ ጥር ላይ ደርሶኛል፣ እሱን ይዤ በዚህ ዓመት እኔ በኤክስቴንሽን ልጀምር ተነጋግረን ነበር። እሷ ደግሞ በሚቀጥለው ዕቁብ። የዕቁባችንን ርዝመት የሚያውቅ መምህር «በሚቀጥለው» ማለት ስንት ዓመት እንደሆነ ያውቃል።

«ዕቁቡን እኔ ልማርበት?» አለችኝ።

ወዲያው ደስ አላለኝም፣ እውነቱን ነው የምላችሁ። ደመወዝ እርከን አለ፣ እድገት አለ፣ ከኋላዬ መጥተው በዲግሪ ያለፉኝ ልጆች አሉ፣ አንዳንዶቹም እኔው ያስተማርኳቸው ናቸው። ቡናውን ጠጥቼ ጨረስኩ። እሷ አልቸኮለችም። ቀስ ብላ ቆጠረችልኝ፤ ማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ሊቀጥር ነው፣ ዲግሪ ይፈልጋል፣ ልትመረቅ ሁለት ዓመት ሲቀራት ውስጥ ያለ ሰው ቅድሚያ ይሰጠዋል ብለዋታል። የኔ ዲግሪ ደመወዜ ላይ የሚጨምረውን፣ የሷ የሚያመጣውን በወረቀት ሳይሆን በቃሏ ደምራ ቀንሳ አስቀመጠችው። ገንዘብ ያዥ ናት ብያችኋለሁ። እኔ ልከራከር የምችልበት ቀዳዳ አልነበረውም። ግን በቁጥሩ ብቻ አይደለም እሺ ያልኳት። ከጠዋት ጀምሮ ሳያት ነበር። አሥረኛ ክፍል ላይ አንድ ነገር እንደተቋረጠባት አውቅ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን አባቷ የሞቱበት ዓመት ነው ብዬ ብቻ ነበር የማስበው። ደብተር ውስጥ መሐል ላይ የቆመ መስመር ይመስል ያንን ዓመት ስትነካው፣ ከዚያ ልትቀጥል ስትፈልግ አየኋት።

«ተማሪ» አልኳት። «የኔ ወረፋ ይቆይ።»

«ታኮርፋለህ?»

«ትንሽ።»

«ስንት ቀን?»

«እስከ ሰኞ።»

በመልሱ ሚኒባስ ላይ ስለ መቶ ብሩ ተከራከርን። እኔ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይገዛበት፣ በስማቸው ይብራ አልኩ። እሷ «ጧፉን በኔ ገንዘብ እገዛለታለሁ፣ ይህ ግን የሱ ገንዘብ ነው፤ ደብተር እገዛበታለሁ» አለች። ሐሙሲት ሳንደርስ ትከሻዬ ላይ ተኛች።

ሰኞ ከሰዓት ክላስ አልነበረኝም፣ አብሬያት ሄድኩ። ለመመዝገብ የመጡት አብዛኞቹ ከኛ በአሥር ዓመት የሚያንሱ ናቸው፤ አንዷ «ቲቸር! ዲግሪ ልትጀምር ነው?» ብላ ጮኸች። «እኔ ዕቃ ያዥ ነኝ» አልኳት። ባለቤቴ ፎርሙን አግዳሚው ላይ አድርጋ መሙላት ጀመረች። የትውልድ ዘመን የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አቁማ አየችኝ።

«ከሰርተፊኬቱ ጋር ካልገጠመ አይቀበሉሽም» አልኳት።

ጥር 21 ብላ ጻፈች። ትንሽ ቆየችና 1985 ጨመረችበት፤ ከዚያ «ሁለት ዓመት ተረፈኝ» ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች።